አንዲት ጥቅስ፣ ብዙ እጆች

ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሾፌሩ በላይ፣ የፊት መስታወቱ ላይ፣ በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተጻፈ ጥቅስ ተለጥፏል፤ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ ፈጣሪ ስለመዘርጋቷ የሚናገረው የዳዊት መዝሙር። ታክሲው ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው ሕፃን ያዘለች ሴት በመስኮቱ በኩል እጇን ዘረጋች። ረዳቱ «እናት፣ እስቲ ዘወር በይ» አላት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጎልማሳ ጥቅሱን አዩ፣ እጇን አዩ፣ ከዚያ «ይኸው፣ ትንቢቱ ተፈጸመ» አሉ። ታክሲው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ።

ቀልዱ ጨካኝ ነው፤ ብልህም ነው። በአማርኛ «እጅ መዘርጋት» ጸሎትም ነው፣ ልመናም ነው። ሰውየው ያደረጉት አንዱን ትርጉም አንስቶ በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ጥቅሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በባለሥልጣን ንግግር መዝጊያ ላይ። አንድም ቀን ግን «ይህ እጅ ምን ይዟል?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዘግይቶ የመጣብኝን ይህን ጥያቄ ይዤ ነው የተነሳሁት። ለመስበክ አይደለም። አንዲት ዓረፍተ ነገር በአንባቢዎቿ መካከል ስትዘዋወር ምን እንደሆነች፣ ምን እንዳደረገችና ምን እንደተደረገባት ለማየት ነው።

መዝሙሩ በግእዙ ዳዊት 67ኛው፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 68ኛው ነው። ጥቅሷ ብቻዋን ተቆርጣ ስትነበብ የጸሎት ሥዕል ትመስላለች። መዝሙሩን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ግን የሚያየው ሰልፍ ነው፤ ያውም የድል ሰልፍ። አምላክ ይነሣል፣ ጠላቶቹ ይበተናሉ። ዘማሪዎችና ከበሮ የያዙ ቆነጃጅት ያልፋሉ፣ የእስራኤል ነገዶች ይከተላሉ። ወደ መጨረሻው ነገሥታት ወደ ኢየሩሳሌም መቅደስ ስጦታ ይዘው ይመጣሉ፤ ግእዙ ስጦታውን «አምኃ» ይለዋል። ከዚያ የግብፅ መልእክተኞች፣ ከግብፅ ቀጥሎ ደግሞ ኢትዮጵያ። በዚህ ሰልፍ መካከል የቆመ እጅ ባዶ አይመስልም። ብዙ የዘመናችን የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎችም ግብር የያዘ እጅ አድርገው ያነቡታል። የዕብራይስጡ ግሥ «ሮጠ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ እጆቿን «ታስሮጣለች» እንደማለት ነው። ለማድረስ የሚቸኩል እጅ ነው።

አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም፤ «እጅ መንሻ» እንለዋለን። እንዲያውም የእኛ ቋንቋ የዚህችን ጥቅስ ታሪክ ሙሉውን በእጅ ላይ ጽፎ ያስቀመጠ ይመስለኛል። እጅ መንሳት አለ፤ ለታላቅ መስገድ፣ ማክበር። እጅ መንሻ አለ፤ ለንጉሥ የሚቀርብ ስጦታ። እጅ መስጠት አለ፤ መሸነፍ። እጅ መዘርጋት አለ፤ መጸለይ፣ ወይም መለመን። ጥቅሷ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ በእነዚህ ሁሉ በኩል አልፋለች።

ከእጁ በፊት ግን ስሙ ይቅደም። ዕብራይስጡ «ኢትዮጵያ» አይልም፤ «ኩሽ» ነው የሚለው። ኩሽ ከግብፅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ሱዳን ውስጥ፣ መጀመሪያ ናፓታን ኋላም መርዌን መናገሻ ያደረገ መንግሥት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ግብፅን ራሷን ገዝተዋል፤ በመጽሐፈ ነገሥት የሚጠቀሰው ቲርሐቅ ከእነሱ አንዱ ነው። በመዝሙሩ ግብፅና ኩሽ ጎን ለጎን መጠራታቸው ስለዚህ አያስገርምም። መጻሕፍቱ ወደ ግሪክኛ ሲተረጎሙ «ኩሽ» «ኢትዮጵያ» ሆነ፤ ይህ ግሪኮች ከግብፅ በታች ላለው የጥቁር ሕዝብ አገር የሰጡት ስም ነው። አክሱም ደግሞ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ይህንን ስም ለራሷ ወሰደች። በንጉሥ ኢዛና የሦስት ቋንቋ ጽሑፍ ላይ ግእዙ «ሐበሻ» የሚለውን ግሪኩ በኢትዮጵያ ስም ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ሲመለስ፣ ስሙን ያነበበው አንባቢ ራሱን አገኘ።

«ታዲያ ጥቅሱ ስለ እኛ አይደለማ?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ሌላው ደግሞ ይህንኑ ነጥብ አንስቶ ለዛሬ የፖለቲካ ክርክር ያውለዋል፤ ኩሽ ማን ነው፣ ኢትዮጵያ ማን ናት፣ ጥቅሱ የየትኛው ወገን ነው እያለ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው። አንድ ስም መጀመሪያ የማን እንደነበር ማወቅ ተገቢ ነው፤ ስሙን ተሸክሞ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት የጸለየበትን ሕዝብ ግን ባዶ አያደርገውም። ባዶ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ጥቅሱ እንደ ርስት ካርታ ሲያዝ። ርስት አጥር አለው። ጥቅሷ ደግሞ ከመጀመሪያውኑ አጥር አልነበራትም።

የጥንት አባቶች ንባብ ይህንን ያሳያል። የቂሳርያው አውሳብዮስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠመቀውን የሕንደኬን ጃንደረባ ያነሳና የመዝሙሩ ቃል በእሱ ተፈጸመ ይላል። «ሕንደኬ» የምንለው የመርዌ ንግሥታት የማዕረግ ስም ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ኩሽም ኢትዮጵያም በአንድ ሰረገላ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። አውግስጢኖስ ደግሞ በመዝሙራት ትርጓሜው ኢትዮጵያን የምድር ዳር አድርጎ ይወስዳትና በእሷ ስም አሕዛብ ሁሉ ተጠርተዋል ይላል። ለእሱ ኢትዮጵያ ማለት ሩቁ ሰው ነው፤ ሩቁ ከመጣ ማን ይቀራል?

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን፣ የቀዳማዊ ምኒልክንና የታቦተ ጽዮንን ታሪክ ሲያቀናብር፣ ምርጫው ከእስራኤል ወደ ኢትዮጵያ መዛወሩን ነው የሚያስረዳው። በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ጥላ ሥር የዳዊት ቃል ምስክር ወረቀት ሆነ። ሩቁ ሰው መጣ መባሉ ቀርቶ «እኛ ከጥንትም ቅርብ ነን» ተባለ። ይህ ንባብ አገር አቁሟል፤ አልክድም። ዙፋን አጽንቷል፣ በመከራ ዘመን ሕዝብ አጽናንቷል። ግን አንድ ነገር ጎድቷል፤ ግሡን አሳርፎታል።

ስለ ግሡ የነገሩኝ አያቴ ናቸው። ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ ይህ መዝሙር የሚውለው በረቡዕ ድርሻ ነው። አንድ ረቡዕ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥቅሷን በአማርኛ አልኳት፣ ትዘረጋለች ብዬ። ዳዊታቸውን በጣታቸው ያዝ አድርገው፣ «ግእዙ እንዲያ አይልም ልጄ» አሉኝ። «‹ታበጽሕ› ነው የሚለው። ታደርሳለች። መዘርጋትማ ማንም ይዘረጋል።» ያኔ አልገባኝም። አሁን ሳስበው አያቴ የሥነ ጽሑፍ ሂስ እየሠሩ ነበር። «ታበጽሕ» «በጽሐ» ከሚለው ነው፤ ደረሰ ማለት ነው። የተዘረጋ እጅ ላይደርስ ይችላል፣ በአየር ላይ ሊቀር ይችላል። የሚያደርስ እጅ ግን የሚያደርሰው ነገር አለው።

ሌላም አለ። የግእዙ ግሥ፣ እንደ አማርኛውም፣ የአሁኑንና የወደፊቱን አይለይም። «ታደርሳለች» ሲባል ዘወትር የምታደርገው ነው ወይስ ገና የምታደርገው? ሁለቱም ይሆናል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የመረጥነው የመጀመሪያውን ነው፤ «እኛ እንዲህ ነን» በሚል። ውቅያኖስ ማዶ ግን ሌሎች ሰዎች ሁለተኛውን መረጡ። የመረጠላቸው ደግሞ አንድ ተርጓሚ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያንን የዕብራይስጥ «ሩጫ» ለመግለጽ ሲል «በቅርቡ» የሚል ቃል አስገባ። ትንሽ ቃል ናት። ግን በአሜሪካና በካሪቢያን በባርነት የተያዙ ሰዎች ያነበቡትና ሲነበብ የሰሙት ይህንን ትርጉም ነው። ከየት እንደመጡ እንዳያስታውሱ ስማቸውንና ቋንቋቸውን የተነጠቁ ሰዎች በጌታቸው መጽሐፍ ውስጥ በራሳቸው መልክ የተጠራ አገር አገኙ፤ አጠገቡም «በቅርቡ» ተብሏል። ለእነሱ ኢትዮጵያ የካርታ ስም አልነበረችም። የጥቁር ሰው ሁሉ ስም ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1797 የቦስተን ጥቁሮች መሪ የነበረው ፕሪንስ ሆል ለማኅበርተኞቹ ባደረገው ንግግር፣ በየመንገዱ የሚደርስባቸውን ስድብና ድብደባ ካነሳ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ሄይቲ እንዲያዞሩ ይነግራቸዋል። እዚያ ባሮቹ ተነስተዋል። ሆል ይህንን አመጽ ኢትዮጵያ እጇን መዘርጋት ለመጀመሯ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ቆም ብለን እናስበው። እጁ እዚህ ላይ የለማኝ እጅ አይደለም፤ የገባሪም አይደለም። ሰንሰለት የበጠሰ እጅ ነው። ፖርት ኦ ፕሪንስን ያላየ፣ አክሱምንም ያላየ ሰው መዝሙሩ ውስጥ ያልነበረ ነገር አነበበ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ነበረ እላለሁ፤ ያው መዝሙር እስረኞችን ስለሚያወጣ አምላክም ይናገራልና። ሆል ጥቅሷን ከሰልፉ አልቆረጣትም፤ ወደ ሰልፉ መለሳት።

ከእሱ በኋላ ወንዙ ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ1808 በኒው ዮርክ የተመሠረተችው ጥቁር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን» ተባለች። በ1829 እዚያው ኒው ዮርክ ሮበርት አሌክሳንደር ያንግ «የኢትዮጵያ ማኒፌስቶ» የተባለ ጽሑፍ አሳተመ። በ1880 ኤድዋርድ ብላይደን ይህችኑ ጥቅስ ርእስ አድርጎ አፍሪካ ለዓለም ስለምትሰጠው አገልግሎት ንግግር አደረገ። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ በፕሪቶሪያ ከነጮች ሚሲዮን ተለይቶ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አቋቋመ። አራት ዓመት ሳይሞላ ዓድዋ ሆነ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። እስከዚያ ድረስ ስም ብቻ የነበረችው ኢትዮጵያ ጦርና ንጉሥ ያላት እውነተኛ አገር ሆና ብቅ አለች። ጥቅሷ በድንገት አድራሻ አገኘች። በ1914 ማርከስ ጋርቬይ ማኅበሩን በጃማይካ ሲመሠርት፣ በ1920ም ማኅበሩ ኢትዮጵያን የሚጠራ መዝሙር የሕዝቡ መዝሙር ነው ብሎ ሲያውጅ፣ እነዚህ ሰዎች ከእኛ ፈቃድ አልጠየቁም። መጠየቅም አልነበረባቸውም።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ታሪክ ይሆንልኝ ነበር፤ የተጨቆኑ ያነበቡት፣ እኛ ያኮራንበት። ግን ጥቅሷ ሌሎች አንባቢዎችም ነበሯት። ነፃ የወጡ ጥቁሮችን ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ለመመለስ በ1816 የተቋቋመውን የቅኝ ሰፈራ ማኅበር ከደገፉት መካከል ይህንኑ ቃል የጠቀሱ ሰባኪዎች ነበሩ። በእነሱ አፍ ጥቅሷ «ባርነቱም የእግዚአብሔር እቅድ ነበር፤ አፍሪካ በዚህ በኩል ወንጌልን ታገኛለች» የሚል ሒሳብ ማወራረጃ ሆነች። ሆል የሰንሰለት መበጠስ ያነበበበትን፣ እነሱ ሰንሰለቱን ማመስገኛ አደረጉት። መጽሐፉ ያው፣ ቁጥሩ ያው።

በዚህ በኩል ደግሞ የእኛ ቤት አለ። ቦስተን ውስጥ ያለ ጥቁር ሰው የኢትዮጵያን ስም እንደ ነፃነት ስም ሲጠራ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰው ይሸጥ ነበር። ዓድዋ ላይ ድል ሲነሣም ይሸጥ ነበር። አገራችን በ1923 እ.ኤ.አ. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ከተነሱባት ጥያቄዎች ዋናው የባሪያ ንግድ ነበር፤ ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ሂስ ሌላውን አንባቢ ብቻ መርምሮ የራሱን ቤት አያልፍም። ጥቅሷን እንደ ምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው፣ ግቢው ውስጥ የታሰረውን እጅ ላያይ ይችላል። የታሰረ እጅ ደግሞ አይዘረጋም።

ይህንን በግልጽ የተናገረው፣ የሚገርመው፣ ጋርቬይ ራሱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተሰደዱ በኋላ፣ በ1937 እ.ኤ.አ. በራሱ መጽሔት ላይ ኃይለኛ ወቀሳ ጻፈባቸው፤ በነጮች ላይ ተማምነዋል፣ ሕዝባቸውንም በባርነትና በገባርነት ይዘው አላዘጋጁም ብሎ። አፃፃፉ ምሬት የበዛበት ነው፤ በጄኔቫ ብቻቸውን ቆመው ለተናገሩት ንጉሥ ፍትሐዊ ነው ብዬም አላስብም። ጥያቄው ግን ከመዝሙሩ ልብ የወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኢትዮጵያን ሲጠብቅ የኖረ ሰው «እጁ የታለ?» አለ። ያ ጥያቄ ጥላቻ ብቻ አይደለም። ጥቅሷን እንደ ተስፋ ያነበበ ሰው ቅሬታ ነው።

ሌሎች ደግሞ ቅሬታ ሳያነሱ መጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቁር ሕዝቦች ድጋፍ ምስጋና በሰጡት መሬት፣ ሻሸመኔ ላይ፣ ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች የመጡ ራስተፈሪያውያን ሰፈሩ። እነሱ ጥቅሷን በእግራቸው አነበቧት ማለት ይቻላል። እኛ እንዴት ተቀበልናቸው? ልጆቻቸው፣ አንዳንዶቹም የልጅ ልጆቻቸው፣ እዚሁ ተወልደው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ኖሩ፤ መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ እንዲሰጣቸው የወሰነው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ትንቢቱ የእኛ ነው ብለን ስንምል፣ ትንቢቱን አምኖ የመጣውን ሰው በር ላይ አቆምነው።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. አለ። የረሃቡ ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከአንድ ምስል ጋር ተጣበቀ፤ ከተዘረጋ እጅ ጋር። እኔ ያን ጊዜ አልደረስኩበትም፤ ጥላው ግን ደርሶኛል። የታክሲው ቀልድ ከዚያ ጥላ ነው የመጣ። ሰውየው በሴትዮዋ አልሳቁም፤ በእኛ ነው የሳቁ፣ በራሳቸውም። ሆል ነፃነት ያየበት፣ ብላይደን አገልግሎት ያየበት፣ ክብረ ነገሥት ክብር ያየበት እጅ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ ልመና ሆኗል የሚል ሳቅ ነበር።

ሳቁ ግን ትክክል አልነበረም፤ አሁን የማምነው ይህንን ነው። የተሳሳተው በምጸቱ አይደለም፤ በንባቡ ነው። ትንቢቱ ተፈጸመ የሚል ሰው፣ በኩራት ይበለው በምሬት፣ ጥቅሷን ይዘጋታል። ባለሥልጣኑ በመድረክ ላይ ሲጠቅሳት ይዘጋታል፤ ታክሲው ውስጥ ያሉት ሰውም ዘጉት። በዚህች ጥቅስ ታሪክ ውስጥ መልካም ነገር ያደረጉት ሁሉ ክፍት አድርገው ያነበቧት ናቸው። ለእነሱ ኢትዮጵያ ገና ልትሠራው ያለ ሥራ ነበረባት፤ እጇ በመንገድ ላይ ነበር። እኛ ጥቅሷን በመውረሳችን ምክንያት የማንበብ ግዴታ የሌለብን መሰለን።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከጥቅሷ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተለጥፎ አይቼ አላውቅም፤ በታክሲም በቀን መቁጠሪያም። እዚያ ላይ መዝሙሩ የምድርን መንግሥታት ሁሉ ለዝማሬ ይጠራል። ኢትዮጵያ በሰልፉ ላይ ብቻዋን አይደለችም፤ የመጨረሻዋም አይደለችም። ከፊቷ ግብፅ አለች፤ ዛሬ ስለ አንድ ወንዝ ከእኛ ጋር የምትከራከረዋ ግብፅ። ከኋላዋ ሌላው ዓለም ሁሉ አለ። ጥቅሷን ከዚህ ሰልፍ ነጥቀን ለብቻዋ ስንለጥፍ፣ እጁ ወደ ማን እንደሚሄድ ይቀራል፣ ከማን ጋር እንደሚሄድም ይጠፋል። የሚቀረው ስማችን ብቻ ነው።

ታክሲው ሲነሳ ሴትዮዋ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ፣ ስንስቅ ያልሳቀችው፣ በመስኮቱ አሥር ብር አቀበለቻት። ሴትዮዋ «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። በጥቅሷ ሥር የነበሩት እጆች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የተዘረጋ፣ አንዱ ያደረሰ። አያቴ ቢኖሩ የትኛው «ታበጽሕ» እንደሆነ ለመናገር ግእዙን መግለጥ አያስፈልጋቸውም ነበር።